ለመስጠት ቆምኩ

ትሮያን፣ ቡልጋሪያ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2015

ውድ ካሊና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እንኳን በሰላም ገባሽ። እኛ ደህና ነን። «ደህና» ስልሽ ግን የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ደህንነት ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል፣ ጆሮዬ ደግሞ ጨርሶ ሥራውን ለቋል። ባለፈው ፖስተኛው በሩን ሲደበድብ፣ ሲደበድብ ቆይቶ በጓሮ ገባና ዞር ስል ወጥ ቤቴ መሃል ቆሞ አገኘሁት። ድስቱን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። «ኧረ ወይዘሮ ራይና፣ መድፍ ቢተኮስ እኮ አይሰሙም!» አለኝ፤ ያለውን ያወቅኩት ከንፈሩን አይቼ ነው። ስለዚህ «በስልክ ያስተምሩኝ» የምትዪውን ተዪው። በደብዳቤ እንማማራለን፤ በጽሑፍ የተማሩት ይጸናል።

ልጅሽ ቢልያና ትበላለች፣ ታጠናለች፣ በሯን ዘግታም ዘፈን ታስጮሃለች አሉ። ጎረቤቶቼ ናቸው የሚያማርሩት፣ እኔን አልረበሸችኝም። ቁመቷ የአባቷን ሊደርስ ነው። የወንድሜ ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በር ሲገባ አንገቱን ሰበር ያደርግ አልነበር? እሷም ጀምራለች።

አሁን ወደ እሮሮሽ ልምጣ። «ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ስናገር ይስቁብኛል» ብለሻል። ቢስቁ አልፈርድባቸውም። ለምትንከባከቢያቸው ሽማግሌ የእህት ልጅ ደውለሽ፣ አጎቷ ዓሣ መብላታቸውን ልታበስሪ «ዘ ፊሽ ኤት ሚስተር ቼንሱ» አልሻት። ልጄ፣ ይህ እኮ ዓሣው ሽማግሌውን በላቸው ማለት ነው! በእኛ በቡልጋርኛ ዓሣው ከፊትም ይምጣ ከኋላ፣ ማን ማንን እንደበላ አይጠፋንም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ሹመቱ የወንበሩ ነው። ከፊት የተቀመጠ ያደርጋል፣ ከኋላ የተቀመጠ ይደረግበታል። ዓሣን ከፊት ካስቀመጥሽው ሰው ይበላል።

ደግሞም እኛ «መጣሁ» ስንል ማን እንደመጣ ግሡ ራሱ ይናገራል። የእነሱ ግሥ ስለ ጌታው ትንፍሽ አይልም። «ኬም» ብለሽ ዝም ብትዪ፣ አንቺ ትምጪ ጎረቤትሽ ትምጣ ማን ያውቃል? ስለዚህ «አይ»ን፣ የእነሱን «እኔ»፣ ሳትዪ አፍሽን አትክፈቺ። «እኔ፣ እኔ ማለት ያሳፍረኛል» ያልሽው ለሌላ ጊዜ ይቆይሽ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። «አይ ኬም ፎር ቱ ወርክ» ብለሽ ጽፈሻል። በአንድ ራስ ላይ ሁለት ኮፍያ! «ፎር»ን አውልቂው። «አይ ኬም ቱ ወርክ»፣ በቃ። ይቺ «ቱ» የምትባል ሚጢጢ ቃል ከግሥ ፊት ስትቆም፣ «ለምን?» ለሚል ሰው መልስ ትሰጣለች። ለምን መጣሽ? ለመሥራት። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ግሥ ራቁቱን ነው፤ ጊዜም አይለብስ፣ ባለቤትም አይሸከም። እኛ እንዲህ ያለ ግሥ ከጠፋብን ብዙ መቶ ዓመት ስለሆነን «እንድሠራ መጣሁ» ብለን «እኔ»ን ሁለት ጊዜ እንጎትተዋለን። እነሱ አንዴ ከተናገሩ ይበቃቸዋል።

የቤት ሥራ፦ እዚያ ምን ልትሠሪ እንደሄድሽ በ«ቱ» እየፈጸምሽ ጻፊልኝ። በቀይ እስክሪብቶ እመልስልሻለሁ።

አክስትሽ ራይና


ናዱር፣ ጎዞ፣ ማልታ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2015

ውድ አክስቴ ራይና፣

ጤና ይስጥልኝ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ የቤት ሥራውን ሳልጨርስ ባዶ እጄን መምጣት ፈርቼ ነው። ይኸውልዎ፦ «አይ አም ሂር ቱ ወርክ። አይ ወርክ ቱ ሰንድ ቢልያና ቱ ስኩል።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ቱ» ሁለቴ መጣችብኝ። አንዷ ከግሥ ፊት ናት፣ ሌላዋ ከትምህርት ቤት ፊት ምን ትሠራለች? ወይስ ይህም ሁለት ኮፍያ ነው?

ሚስተር ቼንሱ ትምህርቴን ደርሰውበታል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ በጎዞና በማልታ ደሴቶች መካከል በሚመላለሰው ጀልባ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ሞተር እንዳያሸንፋቸው ይመስል እየጮሁ ነው የሚያወሩት። ሁልጊዜ ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት፣

«ለምን መጣሽ?» ይሉኛል።

«መስኮቱን ለመክፈት መጣሁ» እላለሁ።

«ሌላስ?»

«እርስዎን ለማጠብ መጣሁ።»

«እሱን ተይው፤ መስኮቱን ብቻ ክፈቺ!»

ባለፈው ደግሞ «ትናንት ‹ፎር ቱ፣ ፎር ቱ› ትዪ ነበር፣ ዛሬ ማን ገርፎሽ ተስተካከልሽ?» አሉኝ።

«አክስቴ ናት። ቡልጋሪያ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች።»

«ባል አላት?»

«ሞቶባታል። ጆሮዋም አይሰማም።»

«ጎሽ! እኔ ወሬ አበዛለሁ፤ እንስማማለን፣ ንገሪያት።» ይኸው ነግሬዎታለሁ።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ በታች ነው፤ በመካከሉ ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለ። ከጓደኞቻቸው ጋር በብርጭቆ ሻይ ለመጠጣትና አይብ ያለበት ትኩስ ፓስቲዚ ለመብላት ሲሉ በየቀኑ ካልወጣን ይላሉ። ልባቸው ደካማ ነው። ደረታቸውን ያዝ ሲያደርጋቸው ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ክኒን አለች፤ ሁልጊዜ ከቦርሳዬ አትጠፋም። የእህታቸው ልጅ ዶሪስ እሁድ እሁድ በጀልባ ትመጣለች። ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ቤት ስትገባ አቧራ ፍለጋ በጣቷ ጠረጴዛውን ዳሰስ ታደርጋለች። አታገኝም።

አክስቴ፣ አሁን እየገባኝ ነው መሰለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ «ለምን» የሚለውን መልስ ከመሃል ነጥቄ አወጣዋለሁ። አይ አም ቬሪ ላይኪንግ ዚስ። ቢልያናን ሳሙልኝ።

አክባሪዎ ካሊና


ትሮያን፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2015

ውድ ካሊና፣

ለሽማግሌው፦ ጥያቄያቸው ደርሶኛል፣ አስብበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን የእጅ ጽሑፋቸውን ልይ በያቸው።

ከትምህርት ቤት ፊት ያለችው «ቱ» ሌላ ሰው ናት። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ እሷ መንገድ ነው የምታሳየው። በእኛ መንደር ስንት ኢቫን አለ? አንዱን ኢቫን በሌላው ዕዳ ትይዥዋለሽ? ሁለቱንም ባሉበት ተያቸው፣ ዓረፍተ ነገርሽ ትክክል ነው። በጣም ትክክል ነው። ጎረቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት፤ አልገባትም፣ ግን አጨበጨበች።

አንድ የምቆጣሽ ነገር አለ። «አይ አም ላይኪንግ»፣ «አይ አም ኖዊንግ»፣ «አይ አም ዋንቲንግ»... ይህን «ኢንግ» ያማረ መስሎሽ እንደ ቹብሪጻ በሁሉም ምግብ ላይ ትነሰንሺዋለሽ። ቅመም በልክ ነው። ሳትጠይቂኝ አትነስንሺ።

በረዶ ገብቷል። የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ቢልያና ካፖርቷን ደርባ ነበር የምትማረው፤ አሁን ተሠርቷል፣ አትጨነቂ።

ራይና


ቪክቶሪያ፣ ጎዞ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2016

ውድ አክስቴ ራይና፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። አድራሻዬን ቀይሬያለሁ፣ ከላይ የጻፍኩት ነው። ከአንዲት ሰርቢያዊት ጋር ክፍል ተጋርቻለሁ። ሚስተር ቼንሱ ትንሽ ወድቀው ሐኪም ቤት ናቸው፤ እኔም ዕረፍት ላይ ነኝ። አየሩ ጥሩ ነው።

እንዲያው ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «ስቶፕድ ጊቪንግ» እና «ስቶፕድ ቱ ጊቭ» ልዩነት አላቸው? ትልቅ ነገር አይደለም። ግን ቶሎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ ለቢልያና አያሳዩአት።

ካሊና


ትሮያን፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 2016

ካሊና፣

«ውድ» ያላልኩሽ ተቆጥቼ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ሁሉ ወይ መስኮት ሰብሯል፣ ወይ ሊሰብር ነው። ሰው ደግሞ ትንሽ አይወድቅም፤ ይወድቃል ወይም አይወድቅም። ዕረፍት ላይ ከሆንሽ ለምን ከቤቱ ወጣሽ? አየሩንስ ማን ጠየቀሽ?

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ልዩነት አላቸው ወይ? የሰማይና የምድር። «ስቶፕድ ጊቪንግ» መስጠት አቆምኩ፣ ከዚያ በኋላ አልሰጠሁም ማለት ነው። «ስቶፕድ ቱ ጊቭ» ደግሞ ለመስጠት ቆምኩ፤ እየሄድኩ ነበር፣ መሄዴን ተውኩና ሰጠሁ። አንደኛው እጁን ይሰበስባል፣ ሁለተኛው ይዘረጋል። እኛ ሁለቱንም በዚያችው «ዳ» በምትባለው ቃላችን ስለምናስራቸውና ልዩነቱን የግሡ ጭራ ብቻ ስለሚያወጣው፣ የኛ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። ክፍል ውስጥ ሲሰናከል ውጤት እቀንስበት ነበር። አንቺ የት ነው የተሰናከልሽው?

ማን ነው ይህን የተናገረው? ለማን? ምኑን ነው የሰጠው ወይም ያልሰጠው? የምትመልሺልኝ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንዳደረገ ከፊት አስቀምጪ።

ቢልያና አላየችውም።

ራይና


ቪክቶሪያ፣ ጎዞ፣ ፌብሯሪ 4 ቀን 2016

ውድ አክስቴ ራይና፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልነገርኩዎ እንዳላስጨንቅዎ ብዬ ነበር።

የተናገርኩት እኔ ነኝ። የተናገርኩት ለፖሊስ ነው።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ሚስተር ቼንሱ እንደ ልማዳቸው ወደ አደባባዩ እንውጣ አሉ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ስንደርስ ወሬያቸውን አቋረጡ። እሳቸው ወሬ ካቋረጡ አመማቸው ማለት ነው። ቆምኩ። እጃቸውን የብረት መደገፊያው ላይ አስያዝኳቸውና ክኒኑን ለማውጣት ቦርሳዬ ላይ አጎነበስኩ። ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ፣ ተጭነው የሚያዞሩት ዓይነት ነው። ቀና ስል እጃቸው ከብረቱ ላይ የለም። ወደቁ፣ አክስቴ፤ ራሳቸውን ድንጋይ መታቸው። ሮጬ ወረድኩና ክኒኑን እዚያው መሬት ላይ ከምላሳቸው ሥር አደረግኩ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ራሳቸውን ታቅፌ ቆየሁ። በሕይወት አሉ። ግን አይናገሩም። ቀኝ ጎናቸውም ከዳቸው።

በማግስቱ ግሬክ የሚባል መርማሪ አስጠራኝ። ዶሪስም ነበረች።

«አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«አልፈልግም፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አልኩት። ኩራቴን እዩልኝ!

የድምፅ መቅጃውን ከፍቶ የሆነውን ንገሪኝ ሲለኝ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ማን እንዳደረገ ከፊት፣ ቦታውንም ሳልረሳ፣ ያማረ እንዲሆንልኝ ደግሞ «ኢንግ» ጨምሬ፣ «ኦን ዘ ስቴፕስ፣ ኒር ዘ ሬይል፣ አይ ስቶፕድ ጊቪንግ ሂም ዘ ፒል» አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ።»

ዶሪስ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ለአጎቷ ያዘነች መሰለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ሳልንተባተብ ስለወጣልኝ ፈገግ ብያለሁ። አክስቴ፣ ፈገግ ብያለሁ!

ያን ዕለት የቤቱን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ከደሴቱ እንዳልወጣ ተነገረኝ። መድኃኒቱን ሆን ብዬ እንደከለከልኳቸው ነው የሚወራው፤ ፓስቲዚ የምገዛበት ሰውዬ እንኳ ፊቱን አዞረብኝ። ምን ብዬ እንዳስቆጣኋቸው የገባኝ የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ሳነበው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ግን ከልቤ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለኝ፤ ጠላቴን ስሙን አወቅኩት።

ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ፣ ማለቴ ወሩ ሳያልቅ፣ ዳግመኛ ይጠይቁኛል። የመጥሪያውን ጽሑፍ ቃል በቃል ከታች ገልብጬልዎታለሁ። ምን ልበል?

ካሊና


ትሮያን፣ ፌብሯሪ 12 ቀን 2016

ውድ ልጄ፣

«እንዳላስጨንቅዎ ብዬ» ብለሻል። በሰዋስው ትክክል ነው፣ በሥራ ስህተት። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።

አሁን ዓይንሽን ጥረጊና ስሚኝ። እኔ አልፈራሁም፤ አንቺም የምትፈሪበት ምክንያት የለም። እውነቱን ይዘሻል፣ የጎደለሽ አንዲት «ቱ» ናት።

አስተርጓሚ ጠይቂ። መብትሽ ነው፣ ሲሰጡሽ ደግሞ በትሕትና ተቀበዪ። ነገሩን ሁሉ መጀመሪያ በራስሽ ቋንቋ ተናገሪ፤ በእናት ቋንቋ የሚዋሽም እውነት የሚናገርም ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ግን በእንግሊዝኛ ራስሽ ድገሚው፤ ያበላሸሽውን አንቺው አስተካክዪው።

ቀጥለሽ ያለፈውን ድምፅሽን እንዲያሰሙሽ ጠይቂ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አየኋት። ስህተቷን ራሷ ታጋልጣለች። «ደረጃው ላይ፣ መደገፊያው አጠገብ» ብለሻል። እስቲ አስቢው፦ መድኃኒት መስጠት የተወ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ተውኩ ይላል፣ ሐኪሙን ስላላመንኩት ተውኩ ይላል። በብረት መደገፊያ አጠገብ ተውኩ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ቦታ የሚጠራ የቆመ ሰው ነው። የቆመ ሰው ደግሞ ለምን እንደቆመ ይጠየቃል። አልጠየቁሽም። እንዲጠይቁሽ አድርጊ።

መልስሽን ሳትቸኩዪ፣ በአጫጭሩ፦ ሄድን። አመማቸው። ቆምኩ። ለምን? ለመስጠት። ልብሽ ቢመታ ይምታ፤ ግን ግሡ ላይ ሳትደርሺ እንዳታለቅሺ። ከግሡ በኋላ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ።

ዶሪስን አትሳደቢያት። የሰማችውን ነው ያመነችው።

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

የምትወድሽ ራይና


ቪክቶሪያ፣ ጎዞ፣ ማርች 1 ቀን 2016

ውድ አክስቴ ራይና፣

አልቋል። ነጻ ነኝ። ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ልብዎ እንዳይንጠለጠል ነው፤ አሁን ተረጋግተው ያንብቡ።

አስተርጓሚዋ የፕሎቭዲቭ ልጅ ናት፣ ከቢልያና ብዙም አትበልጥም። በራሴ ቋንቋ ስናገር እሷ እየተረጎመች ዓይኗ እንባ ሞላ። ግሬክ ግን ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው።

«ባለፈው ሌላ ነበር ያልሽው» አለኝ።

«ድምፄን ያሰሙኝ» አልኩት።

አሰማኝ። የራሴን ድምፅ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሰማ ማፈር ሳይሆን መሳቅ ነበር የቃጣኝ፤ እንዴት ኮርቻለሁ! ካበቃ በኋላ በእንግሊዝኛ፣ «ሚስተር ግሬክ፣ መደገፊያው አጠገብ ያልኩት ለምን ይመስልዎታል?» አልኩት።

«አላውቅም። ለምን?»

«እዚያ ስለቆምኩ ነው። መሄድ ነው ያቆምኩት። አይ ስቶፕድ ቱ ጊቭ ሂም ዘ ፒል። ክኒኑን ለመስጠት ነው የቆምኩት። ሰጥቻቸዋለሁም።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለኝ። ሊያስሩኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ናዱር ነው የወሰደኝ። ደረጃው ላይ እያንዳንዱን ነገር አሳየሁት፤ የት እንዳመማቸው፣ እጃቸውን የት እንዳስያዝኳቸው፣ ወዴት እንዳጎነበስኩ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ላይ የነበረችውን ነርስ አገኛት። በማልታ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት፤ «ክኒን» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ሲጨርስ ቆቡን አወለቀ።

«የአምቡላንሱ ሠራተኞች ከሽማግሌው ምላስ ሥር ክኒን አይተዋል» አለኝ። «ያን ዕለትም ምላስሽን እየነካሽ አሳይተሻቸዋል። እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። ቃልሽ በቅቶን ነበር።»

ግሡን ጨርሼ ስለነበር ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ወደ ቢሮው ስንመለስ ደግሞ መሳቢያውን ከፈተና፣ «ትሮያን የምትባል ከተማ ውስጥ ራይና የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?» አለኝ። አራት ገጽ፣ በዚያ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ! አክስቴ፣ መቼ ነው የጻፉት? ለምን አልነገሩኝም? «ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ፤ ገና ሁለት ገጽ ነው ያነበብኩት» አለኝ። «የተቀረውን አንቺ ነገርሽኝ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይበልጣል። የላክንልሽ መጥሪያ ላይ ሁለት ስህተት አርማለች፤ አለቃዬ እንዳያይብኝ።»

ዶሪስ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ስታየኝ እጇን የምታስገባበት ጠፋት።

«ገዳይ ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።»

«ያኔ ‹ምን ማለትሽ ነው?› ብትዪኝ ይበቃ ነበር» አልኳት።

ክፉ ለመሆን አልነበረም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ ሚስተር ቼንሱ ወሰደችኝ። ሲያዩኝ በደህናው እጃቸው እጄን ያዙና አልለቅ አሉ። ዶሪስ ወደ ቤቱ እንድመለስ ትለምነኛለች። መልስ አልሰጠኋትም። እርስዎ ምን ይላሉ?

ካሊናዎ


ትሮያን፣ ማርች 9 ቀን 2016

ውድ ልጄ፣

አዎ፣ ጽፌያለሁ። ያልነገርኩሽ በእኔ ደብዳቤ ተማምነሽ ጥናትሽን ችላ እንዳትዪ ነው። በዚያ መጥሪያ ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ግን ብትታሰሪም ብትፈቺም ሳላርማት አላድርም ነበር።

የምነግርሽ ሌላም አለ። ቢልያና ሁሉንም ታውቃለች። የጃንዋሪውን ደብዳቤሽን ከእኔ ቀድማ አንብባዋለች፤ የእኔንም ፖስታ ቤት እየሮጠች የምታደርሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ እንባዋን አላሳየችኝም። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ጮክ ብላ አነበበችው፣ እኔ ከንፈሯን እያየሁ። ስትጨርስ «እናቴ እንግሊዝኛ ለመማር ከዚህ የቀለለ መንገድ አጥታ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ሳልሰማት ብቀርም ምን እያደረገች እንደነበር አውቃለሁ። ጻፊላት፤ ለእሷ፣ በስሟ።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ አልመልስልሽም። ፖሊስ ፊት ቆሞ ራሱን ያስረዳ ሰው ይህን ለመወሰን አክስት አያስፈልገውም።

ራይና


ናዱር፣ ጎዞ፣ ሜይ 22 ቀን 2016

ውድ አክስቴ ራይና፣

ከቢልያና ጋር በየሳምንቱ እየተጻጻፍን ስለሆነ ወሬዬ ሁሉ ደርሶዎታል፤ ዝምታዬን እንደ ክፉ አይዩብኝ። ትምህርት ሲዘጋ እንደምትመጣም ነግራዎታለች። እርስዎንም እንድታመጣ እያግባባችዎ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እምቢ አይበሉ።

ተመልሻለሁ። ዶሪስን «ያልገባሽን ትጠይቂኛለሽ፣ ያልገባኝን እጠይቅሻለሁ፣ ጠረጴዛውንም በጣትሽ አትዳስሺም» አልኳት። ሦስቱንም ተስማማች። ፓስቲዚ ሻጩም መጀመሪያ ቀን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረኝ።

ሚስተር ቼንሱ በአልጋቸው ላይ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ራሳቸውን ችለው ይጎርሳሉ። ንግግራቸው ግን ተበታትኗል። ቃላቱ አሉ፣ ግን እንደ ፈሰሰ ባቄላ ነው፤ «ባሕር»፣ «ትናንት»፣ «ዘይት» ይላሉና የቀረው ሲጠፋቸው አልጋውን በቡጢ ይመታሉ። ንግግር የምታለማምዳቸው ሐኪም በሳምንት አንዴ ትመጣለች፤ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር አስለምጃቸው ብላኛለች። ይህንን እኔ እንዴት እንደሚያናድድ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አልጣደፍም። ፊታቸው እቀመጣለሁ። ማን? እላለሁ። እጠብቃለሁ። ምን አደረገ? እጠብቃለሁ። አንዳንዴ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ አንዳንዴም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩብኛል።

ዛሬ እሁድ ስለሆነ ዶሪስ መጥታ ነበር። ድንችና ባቄላ ያለበት ሾርባ ሠርቼ አቀረብኩ። ሚስተር ቼንሱ በግራ እጃቸው ማንኪያውን አነሱ፣ ቀመሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔና ዶሪስ መብላታችንን ትተን አየናቸው።

«ይህ... ሾርባ...» አሉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። «ጨው... የለውም።»

ባለቤቱ ከፊት፣ ሁሉም በቦታው! ዶሪስ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እሳቸው በትከሻዋ በኩል እኔን ነው የሚያዩት። ያስመሰገናቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ የተናገሩት ስለ ሾርባው ነው።

«ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ብሎኝ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንኪያውን ሞልተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንቺ... ቅመሺው።»

ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው።

ካሊናዎ